ምዕራፍ ሰባት፦ መደርደሪያው ሙሉ፣ ዘፈኑ የለም

አፕል ኩባንያ አፕሪል 28 ቀን 2003 አይቲዩንስ የተባለውን የሙዚቃ መደብር ሲከፍት 200 ሺህ ዘፈኖች ይዞ ነበር የቀረበው። የአንዱ ዘፈን ዋጋ 99 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአገራችን ሕጎች በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ዘፈን ተሸጠ። መደብሩ ያኔ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ፣ ያውም በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበርና ገበያው ደርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ያን ሰሞን በመፈለጊያው ሳጥን «ቢትልስ» ብሎ የጻፈ ደንበኛ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ሌድ ዜፔሊንም የለም፣ ሜታሊካም የለም፣ ኤሲ ዲሲም የለም። የያኔው የአፕል አለቃ ስቲቭ ጆብስ ቢትልስን እንዴት ይወድ እንደነበር አገር ያወቀው ነው፤ የሚወደውን ባንድ በገዛ ሱቁ ለመሸጥ ግን ሰባት ዓመት ተኩል መጠበቅ ግድ ሆነበት።

የድሮው ሙዚቃ ቤት «የለም» ሲል ምክንያቱ ለማንም ይገባል። ግድግዳው ጠባብ ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ ቦታ ይይዛል፤ ለቦታው ደግሞ ኪራይ ይከፈላል። የዋየርድ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረው ክሪስ አንደርሰን በ2004 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል፦ አንድ የዋልማርት መደብር በሲዲ የሚይዘው 39 ሺህ ያህል ዘፈን ሲሆን፣ ራፕሶዲ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ከ735 ሺህ በላይ ነበረው። ኢንተርኔት ላይ መደርደሪያ ስለማይሞላ በዓመት አንዴ የሚፈለግ ዘፈን እንኳ ቦታ አያጣም የሚል ነበር የአንደርሰን ተስፋ። በቦታ በኩል ስሌቱ ልክ ነበር። የሚጎድለው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ፊርማ።

አንድ የተቀዳ ዘፈን ቢያንስ ሁለት መብት አለበት። አንደኛው የግጥምና ዜማው፣ ሁለተኛው ስቱዲዮ ተገብቶ የተቀረፀው ድምፅ። የመጀመሪያው በደራሲዎቹ ወይም መብታቸውን በያዘው ድርጅት እጅ ይቆያል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአሳታሚው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ከተሸጠ የገዢው፣ ባለቤቱ ከሞተ የወራሾቹ ይሆናል። ነገሩ የውርስ ቤት እንደመሸጥ ነው፤ ከስድስት ወራሾች አምስቱ ፈርመው አንዱ ካናዳ ሆኖ ስልክ አላነሳም ካለ፣ ቤቱ አይሸጥም። የመደብሩ ደንበኛ ይህ ሁሉ ጣጣ አይታየውም። እሱ የሚያየው «ምንም ውጤት አልተገኘም» የምትለዋን መስመር ብቻ ነው።

ንዴቱን ያባሰው ደግሞ ደንበኛው ሁሉም ነገር የሞላበትን ዘመን አይቶ መምጣቱ ነው። ሾን ፋኒንግ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በ1999 ናፕስተርን ሲለቅ፣ ሰዎች የየኮምፒውተራቸውን ዘፈን ማንንም ሳያስፈቅዱ መለዋወጥ ጀመሩ። ከገበያ የጠፋ ሸክላ፣ መድረክ ላይ የተቀዳ፣ የሬዲዮ ቅጂ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። አሳታሚዎቹ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሰሱ፤ በጁላይ 2001 ናፕስተር ተዘጋ። በምትኩ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በዲሴምበር 2001 ሁለት ሕጋዊ መደብሮች ከፈቱ። ፕሬስፕሌይ የሶኒና የዩኒቨርሳል ነበር፤ ሙዚክኔት ደግሞ ዋርነር፣ ቢኤምጂና ኢኤምአይ ከሪልኔትወርክስ ጋር ሆነው ያቋቋሙት። ሲጀምሩ አንዱ ዘንድ ያለው ሌላው ዘንድ የለም። ዘፋኟ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነች የማያውቅ አድማጭ፣ ማንስ ያውቃል፣ ለሁለቱም በየወሩ መክፈል ነበረበት። ክፍያውን ሲያቆም ደግሞ ያወረደው ዘፈን አብሮ ይቆማል። ፒሲ ወርልድ የተባለው መጽሔት በ2006 የምንጊዜም 25 መጥፎ የቴክኖሎጂ ውጤቶችን ሲዘረዝር ሁለቱንም አልማራቸውም።

የቢትልስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እነሱ በ1968 ያቋቋሙት ኩባንያ ስሙ አፕል ኮር ነው፤ ከኮምፒውተር ሠሪው በስምንት ዓመት ይቀድማል። በ1978 በስሙ ይገባኛል ተካሰሱ፤ በ1981 ኮምፒውተር ሠሪው ወደ ሙዚቃ ሥራ ላይገባ ተስማማ። ኮምፒውተሮቹ ድምፅ ማውጣት ሲጀምሩ ጠቡ እንደገና አገረሸ፤ በ1991 ኮምፒውተር ሠሪው 26.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። ከዚያ አይቲዩንስ መጣ። አሁን ነገሩ ድምፅ የማውጣት ሳይሆን ዘፈን የመሸጥ ሆነና በዚያው በ2003 ሌላ ክስ ተመሠረተ። ጉዳዩን ለንደን ላይ ያዩት ዳኛ፣ «ማን» የተባሉ ሰው፣ ችሎቱ ሳይጀመር አይፖድ እንዳላቸው ለተከራካሪዎቹ አስታውቀው፣ ከጉዳዩ ልነሣ ወይ ብለው እስከመጠየቅ ደርሰዋል። ማንም ተቃውሞ አላቀረበም። በሜይ 2006 ለኮምፒውተር ሠሪው ፈረዱ፤ በፌብሩዋሪ 2007 ሁለቱ አፕሎች በስሙ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተስማሙ።

አድማጩ «በቃ፣ አሁንስ ይመጣል» ብሎ ቢጠብቅ፣ ዘፈኖቹ ገና ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ቀርቷቸው ነበር። አፕል ኮር የድሮ ቅጂዎቹን በሙሉ በአዲስ ጥራት ካላወጣሁ ኢንተርኔት ላይ አልሸጥም የሚል አቋም ነበረው፤ ቅጂዎቹን ከያዘው ከኢኤምአይ ጋርም ድርድሩ ተጓቷል። የታደሱት ሲዲዎች ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ወጡ። በዲሴምበር ደግሞ ያንኑ ሙዚቃ የያዘ፣ በአፕል ፍሬ ቅርፅ የተሠራ ፍላሽ ለገበያ ቀረበ፤ ዓለም በሙሉ ዘፈን ከኢንተርኔት በሚያወርድበት ዘመን ማለት ነው። በመጨረሻ ኖቬምበር 16 ቀን 2010 ቢትልስ አይቲዩንስ ገባ፤ በአንድ ሳምንት 2 ሚሊዮን ዘፈንና 450 ሺህ አልበም ተሸጠ።

ይህ ታሪክ ጋዜጦች የወደዱት ቢሆንም ለአድማጭ ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም። ቢትልስን የፈለገ ሰው ማንኛውም ሲዲ ቤት ገብቶ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ይችል ነበር። በምርጫ የቀሩትም እንዲሁ ናቸው። ኤሲ ዲሲ አልበማችን ተቆራርጦ አይሸጥም ብሎ እስከ ኖቬምበር 2012 ከአይቲዩንስ ውጭ ቆየ። ፒንክ ፍሎይድ ደግሞ ውሉ ላይ ዘፈኖቹ ያለ ፈቃዱ እየተነጠሉ እንዳይሸጡ የሚል አንቀጽ ስለነበረው፣ ኢኤምአይን ለንደን ፍርድ ቤት አቁሞ በማርች 2010 ረታ። ኢኤምአይ «አንቀጹ የሚመለከተው ሲዲና ሸክላን ነው፣ ኢንተርኔትን አይደለም» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ አንድ ነገር ያሳያል፦ ውሉ ሲፈረም ማንም ያላሰበውን ነገር ዳኛ እንዲተረጉመው ይቀርብለታል።

እውነተኛውን ብስጭት የሚያመጣው ግን እንዲህ ባለ የድሮ ውል የተጠመደ ሥራ ነው። ሁነኛው ምሳሌ ዴ ላ ሶል ነው። ከኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የተነሡት ሦስት ወጣቶች በ1989 «ስሪ ፊት ሃይ ኤንድ ራይዚንግ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ፣ ከሌሎች ሰዎች ሸክላ ላይ ቁርጥራጭ ድምፅ እያነሱ፣ እየደራረቡ ነበር የሠሩት። ሳምፕል ይሉታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤት አለው፤ ለእያንዳንዱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘ ተርትልስ ከተባለ ባንድ የተወሰደ ቁራጭ ሳይፈቀድ ቀርቶ ክስ አስነሥቶባቸዋል፤ ከፍርድ ቤት ውጭ በክፍያ ጨረሱት።

የተፈቀዱትም ቢሆኑ ጣጣ ነበረባቸው። አርቲስቶቹ በኋላ እንዳስረዱት፣ የያኔው ፈቃድ የሚናገረው ስለ ሸክላና ስለ ካሴት ነው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር በ1989 የውል ጸሐፊ አእምሮ ውስጥ አልነበረም። እናም ዘፈኖቹን በፋይል ለመሸጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ ወራሾችንና ኩባንያዎችን እንደገና ፈልጎ ማስፈረም ያስፈልጋል፤ አሳታሚዎቹ ደግሞ ይህን ወጪም አደጋም ፈሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አልበሙን ለ2010 በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍረው፣ ያው አልበም በዋናዎቹ የኢንተርኔት መደብሮች አይገኝም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 አባላቱ ተናደው ሥራዎቻቸውን በሙሉ ለ25 ሰዓት በነጻ ለቀቁት፤ ሊሸጡት ያልተፈቀደላቸውን ሙዚቃ ቢያንስ እንስጠው ብለው።

መፍትሔው የመጣው መብቱ እጅ ሲለውጥ ነው። ሬዘርቯር የተባለ ኩባንያ በ2021 የድሮ አሳታሚያቸውን ቶሚ ቦይን ገዛ፤ ከአርቲስቶቹ ጋር ተስማማ፤ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አስፈቀደ፤ ያልተፈቀዱት ጥቂቶች በሌላ ድምፅ ተተኩ። ስድስቱ የቀደሙ አልበሞች ማርች 3 ቀን 2023 በኢንተርኔት ወጡ። ከሦስቱ አንዱ ዴቪድ ጆሊኮር፣ በመድረክ ስሙ ትሩጎይ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ፌብሩዋሪ 12 ቀን አርፎ ነበር።

ውል ብቻ አይደለም፤ ድንበርም አለ። መደብሮቹ ዓለም አቀፍ ይመስላሉ እንጂ ፈቃዱ የሚሰጠው አገር በአገር ነው። አይቲዩንስ በኦገስት 2005 ጃፓን ሲገባ የአገሪቱ ትልቁ አሳታሚ ሶኒ ሙዚክ ዘፈኖቹን አልሰጥም አለ፤ የራሱ ሙዚቃ ማጫወቻና የራሱ መደብር ነበረዋ። እስከ ኖቬምበር 2012 ድረስ አንድ የቶኪዮ ወጣት የሚወዳት ዘፋኝ ሶኒ ዘንድ ከሆነች ከአይቲዩንስ አያገኛትም ነበር። ሁለት ኩባንያ ተፎካከረ፣ ዕዳው በአድማጭ ላይ አረፈ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በር የተዘጋበት ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ኦይንክ የተባለው የድብቅ መለዋወጫ በኦክቶበር 2007 በፖሊስ ሲዘጋ፣ ናይን ኢንች ኔይልስን የሚመራው ትሬንት ሬዝነር አባል እንደነበረ በይፋ ተናግሯል፤ ከማንኛውም ሕጋዊ ሱቅ የተሻለ ነበር ባይ ነው። የሚያስገርመው በነጻ መሆኑ አልነበረም። አባላቱ የሸክላውን ዓመት፣ የታተመበትን አገር፣ የቅጂውን ጥራት እየመዘገቡ፣ የጎደለውን እየተጠያየቁ ይሞሉት ነበር። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላሩ መደብር ያልሠራውን ሥራ አማተሮች በትርፍ ሰዓታቸው ሠሩት።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ያውም ከሁሉም የተወሳሰበው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሣዊ ድንጋጌ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ክልከላውን ጥሶ አለማየሁ እሸቴን አሳተመ፤ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አስራ ሁለት የሚደርሱ አልበሞች አወጣ። በኋላ ካይፋ ሬከርድስ በዓሊ አብደላ ካይፋ፣ አገሬው በሚያውቀው ስም በዓሊ ታንጎ፣ መንገዱን ቀጠለበት። ከዚያ ሸክላው ቀረ፤ የካሴት ዘመን መጣ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ሰምቶ ተማረከ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅየም አሳታሚ ያንን ሙዚቃ ለአውሮፓ አወጣው፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮጲክስ» የተባለውን ተከታታይ ማሳተም ጀመረ። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሲጠቀምበት ዓለም ሰማው። ፋልሴቶ ያደረገውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከአምሃና ከዓሊ ጋር ተስማምቶ ውል ፈረመ። የእነሱን ሸክላዎች ባለቤት ማግኘት ይቻል ነበርና ኢንተርኔት ላይ ወጡ። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ በውጭ መደብሮች «ኢትዮጵያ» ብሎ የጻፈ ሰው ከሞላ ጎደል የአንድ አሥር ዓመት ሙዚቃ፣ ያውም በአንድ ሰው ጆሮ የተመረጠ፣ ሲያገኝ የኖረው። ተከታታዩ ባለውለታ መሆኑ አይካድም። ግን አዲስ አበቤው በሠርግና በሚኒባስ ሲያደምጠው የኖረው የካሴት ሙዚቃ ከዚያ እጅግ ይሰፋል።

የካሴቱ ችግር ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር፤ ከሽያጩ ድርሻ የሚባል ነገር እምብዛም አይታወቅም። ግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ባንዱ ምን እንደተስማሙ የሚናገር ሰነድ ያለው ጥቂት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የሚናገር ምዕራፍ ቢኖረውም፣ ራሱን የቻለ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የወጣው በቁጥር 410/1996 ነው። ያኔ ግን ከሙዚቃ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘግተው፣ ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ተሰደው ወይም አርፈው ነበር። የውጭ መደብር «መብቱ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሦስት ሰው «የእኔ» ሊል ይችላል፤ ወይም ማንም።

የኃይሉ መርጊያ ነገር ይህ ቋጠሮ አንዳንዴ እንዴት በቀላሉ እንደሚፈታ ያሳያል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀርቶ፣ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረፀ። ካሴቱ ወጣ፣ ተሰማ፣ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አንዱን ቅጂ አገኘና ባለቤቱን ማፈላለግ ጀመረ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ነበር፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመዳል። ተደወለለት፤ ተስማማ፤ በ2013 አልበሙ እንደገና ታትሞ ኢንተርኔት ላይም ወጣ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ሙዚቃውን የተጫወተው፣ የቀረፀውና መብቱን የያዘው አንድ ሰው ስለሆነ ነው ነገሩ በአንድ ስልክ ያለቀው። ስምንት ሙዚቀኞችና ሦስት የግጥም ደራሲዎች ቢኖሩበት ኖሮ ካሴቱ ዛሬም ባሕር ዳር በቀረ ነበር።

ዘፈኑ መደብሩ ውስጥ እያለም «የለም» የሚባልበት ጊዜ አለ። ጥላሁን ገሠሠ በኢትዮጲክስ ቁጥር 17 ላይ የተጻፈው በፈረንሳዮቹ አጻጻፍ፣ ፊደሎቹ ላይ ጭረት እየተደረገበት ነው፤ በሌሎቹ አልበሞች ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢያንስ በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱን ጽፎ ሦስት ዘፈን ያገኘ አድማጭ የጥላሁን ሥራ ያ ብቻ መስሎት ይሄዳል።

አገር ቤት ያለው አድማጭ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ነበረበት፤ መደብሩ የሚቀበለው ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ በእጁ አልነበረም። እናም ፍላሹን ወይም ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ሞባይል ቤት ይሄዳል። «ወንድሜ፣ ቆየት ያሉትን ጫንልኝ» ይላል። ልጁም «የማንን ልጫንልህ?» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ በዘፋኝ ስም የተደረደሩትን ማኅደሮች ይከፍታል፤ አስቴር፣ ኤፍሬም፣ ሙሉቀን፣ ነዋይ። በጥቂት ብር የአንድ ዘመን ሙዚቃ ተጭኖ ይወጣል። ለዘፋኙ የሚደርስ ሳንቲም የለም። በምርጫ ብዛት ግን ያ ሱቅ የትኛውንም የውጭ መደብር ያስከነዳ ነበር።

ይህን ገበያ ወደ ሕጋዊ መንገድ ለማምጣት በ2019 አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር አረፈ። ለአዳዲስ ሥራዎች መንገዱ ተከፍቷል፤ ዛሬ አልበም የሚያወጣ ወጣት ውሉ ላይ ኢንተርኔትን የሚመለከት አንቀጽ ማስገባቱን አይዘነጋም። የድሮው ካሴት በብዛት የሚገኘው ግን ዩቲዩብ ላይ፣ ግለሰቦች ገልብጠው በጫኑት መልክ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል፤ የዘፈኖቹ ርዕስ ተለይቶ አይጻፍም፤ መብት አለኝ የሚል ሲመጣ ይነሣል፣ በሌላ ስም ተመልሶ ይጫናል።

መደብሮች አንድን ዘፈን ለመቀበል በመጀመሪያ የሚጠይቁት ርዕሱን፣ የግጥም ደራሲውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውንና አሳታሚውን ነው። ይህ ዝርዝር በአብዛኛው በካሴቱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ዘፈን በዘፈን ታትሟል። ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡት ሰዎች የሽፋኑን ፊት፣ የዘፋኙን ፎቶ፣ ያነሳሉ፤ ውስጡን ግን ብዙዎቹ አያነሱትም።